ማን ማንን ይዞ ይወጣል?

(የመለያ ሙዚቃው ለአጭር ጊዜ ይሰማል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይጠፋል)



የዛሬው ዝግጅታችን ድንገተኛ አደጋ ሲመጣ ቤተሰብ እንዴት ከቤት እንደሚወጣ ይመለከታል። ጉዳዩ ለሁሉም ሰው የሚሆን ቢሆንም ዛሬ በተለይ የምናወራው ለመርካቶ ሰው ነው። በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ከሱቁ ጀርባ ለሚኖረው፣ ከመጋዘኑ በላይ ልጆቹን ለሚያሳድገው፣ ከጎጃም በረንዳ እስከ ሰባተኛ፣ ከአማኑኤል እስከ ተክለ ሃይማኖት ባሉት ጠባብ መንደሮች ማታ በሩን ዘግቶ ለሚተኛው ቤተሰብ። ራት እያቀረባችሁ ወይም ቡና እያፈላችሁ ከሆነ ሥራችሁን ቀጥሉ፤ እንዲያውም ቤተሰቡ በአንድ ላይ ተሰብስቦ ቢሰማን ይሻላል። ልጆቹን ጥሯቸው። ቤት ውስጥ የምታግዛችሁ ልጅም ትምጣ፤ የምንናገረው እሷንም ይመለከታል።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም ሰኞ ነበር። ገበያተኛው ወደ ቤቱ፣ ነጋዴው ወደ ሒሳቡ በሚመለስበት የምሽት ሰዓት መርካቶ ሸማ ተራ ላይ እሳት ተነሳ። ሱቅ በሱቅ ላይ በተደራረበበት፣ ጨርቃ ጨርቅና ልብስ እስከ ጣሪያ በተከመረበት ሰፈር እሳቱ ለሰዓታት ነደደ። የእሳት አደጋ መኪኖች ደርሰው ሳለ የመንገዱ መጥበብና የሰዉ መጨናነቅ ሥራቸውን እንዳከበደባቸው በወቅቱ ተገልጿል። ብዙ ነጋዴ የዕድሜ ልክ ጥሪቱን በአንድ ሌሊት አጣ። የዚያን ሌሊት ምስሎች ያየን ሁሉ የምናስታውሰው አንድ ነገር አለ፦ ሰማዩ ቀልቶ እያለ፣ ከሥሩ አንዱ ጣቃ በትከሻው ተሸክሞ ሲወጣ፣ ሌላው የቀረችውን ዕቃ ላውጣ ብሎ ሲጣደፍ።

ያ ሰው ሞኝ ስለሆነ አይደለም የሚጣደፈው። ይህን አስቀድመን መናገር አለብን፤ ምክንያቱም ስለ አደጋ የሚናገር ሰው ሁሉ «ንብረት ይተካል፣ ነፍስ አይተካም» ብሎ ያልፋል። እውነት ነው፤ ግን መርካቶ ውስጥ ንብረት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በዚህ ብቻ አያልፍም። ሱቅ ውስጥ ያለው ጣቃ ግማሹ የሰው ገንዘብ ነው። በዱቤ የተወሰደ ነው፤ በእቁብ የተገዛ ነው፤ ከክፍለ አገር ዘመድ መሬት ወይም በሬ ሸጦ የላከው ብር አለበት። እሳቱ ሲበላው ዕዳው አይቃጠልም። ስለዚህ ነጋዴው ወደ እሳቱ የሚመለሰው ነገ አበዳሪው በሩን ሲያንኳኳ ስለሚታየው ነው።

እንግዲህ የዛሬው ዋና ነገራችን ይኸውላችሁ። ሰው በአደጋ ሰዓት ባዶ እጁን መውጣት የሚችለው፣ መውጣት የሚያስፈልጋቸውን ነገሮች በደኅናው ቀን አስቀድሞ ካወጣ ነው። ሰውንም በተመለከተ እንዲሁ ነው። ሕፃኑን ማን ያነሳል፣ አያትን ማን ይደግፋል የሚለው ጥያቄ ጭስ ቤት ውስጥ ገብቶ እያለ መልስ አያገኝም። መልሱ ዛሬ ማታ እዚህ ገበታ ላይ መገኘት አለበት።

አንድ ቤት እናስብ። የማንም ቤት አይደለም፤ ግን ብዙዎቻችሁ የራሳችሁን ታዩበታላችሁ። በአንድ ግቢ ውስጥ ስድስት ሰባት አባወራ ይኖራል። ቤቶቹ ግድግዳ ተጋርተዋል፤ ጣሪያቸው አንድ ቆርቆሮ ነው። ኮርኒሱ አንዱ ቤት አቡጀዲ፣ አንዱ ቤት ማዳበሪያ፣ አንዱ ቤት ኮምፔንሳቶ ነው። ከኮርኒሱ በላይ ግን ግድግዳ የለም፤ አይጥ ከመጀመሪያው ቤት ገብታ በመጨረሻው ትወጣለች። እሳትም በዚያው መንገድ ይሄዳል። የጎረቤት ቤት ሲቃጠል «እኛ ጋ አልደረሰም» እያልን በር ላይ ቆመን ስናይ፣ እሳቱ ከራሳችን በላይ በኮርኒሱ ውስጥ አልፎ ሊሆን ይችላል። መብራቱም እንዲሁ የጋራ ነው፦ አንድ ቆጣሪ ለሦስት ቤት፣ ከዚያ ኤክስቴንሽን በኤክስቴንሽን ላይ። በዚያ ላይ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይጣዳል። ምጣድ ብዙ ኃይል የሚወስድ ዕቃ ነው፤ በቀጭን ገመድ ላይ ሲሰካ ገመዱ ይግላል። ኤክስቴንሽኑን በእጃችሁ ስትነኩት ሞቅ ካላችሁ ማስጠንቀቂያው እሱ ነው፤ ሌላ አትጠብቁ።

በዚህ ቤት ውስጥ አባት፣ እናት፣ ጉልበቷን የሚያማት አያት፣ ሦስት ልጆችና አንዲት የቤት ሠራተኛ አሉ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ «እሳት!» የሚል ጩኸት ተሰማ እንበል። አባት በልማድ ወደ ምን ይሮጣል? ወደ ሱቁ። እናትስ? ወደ ትንሹ ልጅ። ታላቁ ልጅ ወደ ውጭ፤ ምን እንደሆነ ለማየት። የቤት ሠራተኛዋ የተኛችው ጓዳ ነው፤ የቀሰቀሳት ሰው የለም። አያት አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን ይፈልጋሉ። ማንም ክፉ ሐሳብ የለውም፤ ሁሉም የሚወደውን ለማዳን ተነስቷል። ግን አያቶችና የቤት ሠራተኞች በብዙ ቤት «አንዱ ይዟቸዋል» ተብለው የሚረሱት እንዲህ ነው።

መፍትሔው ስም በስም መመደብ ነው። «እኔ እማማን፣ አንቺ ሕፃኑን፣ አንተ ታናሽህን በእጅህ።» በቃ። የቤት ሠራተኛዋንም ከምድቡ አታስቀሯት፤ የሚቀሰቅሳት ሰው ይኑር፣ እሷም የምትይዘው ሰው ይኑር። ከገጠር ከመጣች ገና ጥቂት ወር ከሆናት ከግቢው ወጥቶ አስፋልት የሚያደርሰውን መንገድ ማታ አሳዩዋት፤ ቀን የሚያውቁት የመርካቶ መንገድ ማታ ሱቆቹ ተዘግተው ሲያዩት ሌላ ነው። መስማት የተሳነው ሰው ካለ ደግሞ ጩኸት ስለማይሰማው በእጁ ነክቶ የሚያስነሳው ሰው በስም ይታወቅ።

ሕፃን ካለ ማዘያው ወይም አንቀልባው ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ይሰቀል። ሕፃን ያቀፈች እናት ሁለቱም እጇ ተይዟል፤ ያዘለች እናት ግን በአንድ እጇ ሌላ ልጅ ትይዛለች፣ በሌላው ግድግዳ ትዳስሳለች። አያትንም ቢሆን በጠባብ መተላለፊያ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ደግፎ ማውጣት አይቻልም። መንገዱ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ከሆነ መታዘል ይኖርባቸዋል፤ ማን ማዘል እንደሚችልም ዛሬ ይታወቅ። ሊያፍሩ ይችላሉ። በአክብሮት ንገሯቸው፤ «እማማ፣ ያን ቀን እኔ ነኝ የማዝልዎት» ሲባሉ ይስቁ ይሆናል፤ ግን ይሰማሉ።

ቀጥሎ በሩ ነው። በመርካቶ ቤቶች የበሩ ነገር ከሁሉም የበለጠ ያሳስበኛል። ሌባ ስለምንፈራ መስኮቱን በብረት ፍርግርግ እናጥራለን፣ በሩን በሁለት ጓጉንቸር እንቆልፋለን፣ ቁልፉን ከትራስ ሥር እንሸሽጋለን። የግቢው ዋና በር ደግሞ ማታ ይቆለፋል፤ ቁልፉ ዘበኛው ጋ ወይም ከግቢው አዛውንት አንዱ ጋ ነው። ያ ሰው ያን ሌሊት ለቅሶ ሄዶ ቢሆንስ? እያንዳንዱ አባወራ የግቢውን በር ቁልፍ ሊኖረው ይገባል። የቤቱም ቁልፍ ማታ ማታ በሩ አጠገብ፣ ልጅ እንኳ ዳብሶ በሚያገኘው፣ ከውጭ ግን እጅ በማይደርስበት ሚስማር ላይ ይሰቀል። ፍርግርግ ካላችሁ ቢያንስ አንዱን መስኮት ከውስጥ የሚከፈት አድርጉት፤ በየሰፈራችሁ ያለ ብረት በያጅ ይሠራዋል።

ሱቅ ውስጥ ሠራተኛ የሚያሳድሩ ነጋዴዎች ይህን በተለይ ይስሙን። ሸተሩን ከውጭ ቆልፎ ልጅ ከውስጥ ማሳደር በምንም ምክንያት መደረግ የለበትም። ልጁን የምታሳድሩት ዕቃውን እንዲጠብቅ ከሆነ፣ ራሱንም የሚያወጣበት ቁልፍ በእጁ ይሁን። ካላመናችሁት አታሳድሩት።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ስለ ጭስ እንናገር። ብዙ ሰው በእሳት አደጋ የሚሞተው ነበልባል ነክቶት ሳይሆን ጭስ አፍኖት ነው። መርካቶ ውስጥ የሚቃጠለው እንጨት ብቻ አይደለም፤ ስፖንጅ ፍራሽ፣ ፕላስቲክ፣ ፖሊስተር ልብስ፣ የጫማ ሶል፣ ማስቲሽ ነው። እነዚህ ሲነዱ መርዘኛ ጋዝ ያወጣሉ፤ ከእነሱ አንዱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከሰል በተዘጋ ቤት ስናቀጣጥል የሚገድለን እሱው ነው። የተኛ ሰው ሽታው ይቀሰቅሰኛል ብሎ መተማመን የለበትም። ጭስ ወደ ላይ ይወጣል፤ ንጹሕ አየር ለጥቂት ጊዜ የሚቆየው ከወለሉ አጠገብ ነው። ስለዚህ ጭስ ባለበት ቤት ቆሞ መሮጥ የለም፤ በእጅና በጉልበት ድኾ መውጣት ነው። እርጥብ ነጠላ በአፍና በአፍንጫ ላይ ማድረግ ጥቀርሻውን ይቀንሳል፤ መርዙን ግን አያስቀርም። ነጠላ አርሶ እሳት ውስጥ መመለስ ይቻላል ብላችሁ አታስቡ።

የተዘጋ በር ከመክፈታችሁ በፊት በእጃችሁ ጀርባ ንኩት። ከጋለ ከጀርባው እሳት አለና አትክፈቱት፤ ሌላ መውጫ ፈልጉ። ስትወጡ በሩን ከኋላችሁ ዝጉት፤ አትቆልፉት፣ ዝጉት ብቻ። የተዘጋ በር እሳቱንም ጭሱንም ያዘገያል፤ የምታድኑት ምናልባት ጎረቤታችሁን ነው። መውጫ ካጣችሁ ደግሞ እሳት የሌለበት ክፍል ገብታችሁ በሩን ዝጉ፣ የበሩን ሥር በእርጥብ ጨርቅ ድፈኑ፣ መስኮት ላይ ሆናችሁ ደማቅ ጨርቅ እያውለበለባችሁ ጩኹ።

ፎቅ ላይ ላላችሁ፦ ሊፍት አትጠቀሙ፤ መብራት ሲጠፋ ሳጥን ውስጥ ትቀራላችሁ። ደረጃው ግን ክፍት ነው ወይ? በብዙ የመርካቶ የገበያ ሕንጻዎች ደረጃው ላይ ካርቶን ተደርድሮበታል፤ የአደጋ ጊዜ መውጫው ተቆልፎ መጋዘን ሆኗል። የሕንጻው ባለቤት ኪራይ ሲሰበስብ መውጫውን እንዲከፍት መጠየቅ የተከራዮች መብት ነው። አንድ ተከራይ ብቻውን ቢጠይቅ ላይሰማ ይችላል፤ ፎቁ ሁሉ በአንድነት ከጠየቀ ግን መልስ መስጠቱ አይቀርም።

ወደ ንብረቱ ነገር እንመለስ። ነጋዴውን ወደ እሳቱ የሚጎትተው ምን እንደሆነ ካወቅን፣ ገመዱን አስቀድመን መበጠስ እንችላለን።

ከሁሉም በፊት የዱቤ ደብተሩ። ማን ምን ያህል እንደወሰደ፣ ለማን ምን ያህል እንዳለባችሁ የተጻፈበት ያ የተቀዳደደ ደብተር ከብዙ ጣቃ ይበልጣል። ደብተሩ ከተቃጠለ የሰጣችሁትን የምትጠይቁበት ማስረጃ የለም። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ እሑድ፣ ገጹን ሁሉ በስልካችሁ ፎቶ አንሱትና ለባለቤታችሁ ወይም ለምታምኑት ወንድም በቴሌግራም ላኩት። ከዚያ በኋላ ደብተሩ ቢቃጠል እንኳ ዱቤው አይቃጠልም። የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የሱቅ ኪራይ ውል፣ የቀበሌ ቤት ውል ወይም ካርታ፣ የፋይዳ መታወቂያ፣ የልጆች የልደትና የትምህርት ማስረጃ፣ የክትባት ካርድ፣ የጋብቻ ወረቀት፤ እነዚህንም በፎቶ አስቀምጡ። ዋናዎቹን በወፍራም ፕላስቲክ ጠቅልላችሁ በአንድ ቦርሳ ያዙ። መድን መግባት የምትችሉ ደግሞ ግቡ፤ መድን ድርጅቱ ካሳ ለመክፈል ሱቁ ውስጥ ምን እንደነበረ ማወቅ ይፈልጋልና የዕቃ ዝርዝሩና የግዢ ደረሰኙ ከሱቁ ውጭ ይቀመጥ።

ጥሬ ገንዘብን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ፍራሽ ሥር ያለ ብር እሳት አይምረውም፤ ደግሞም ሰውን ወደ እሳት ይመልሳል። ለጥቂት ቀን የሚበቃ፣ በዝርዝር ኖት የተቀመጠ ብር ከወረቀቶቹ ጋር በቦርሳው ውስጥ ይሁን፤ የቀረው ባንክ ይግባ።

በዚያው ቦርሳ ውስጥ ሌላ ምን ይሁን? ብዙ አታብዙት፤ ከባድ ቦርሳ እንደ ጣቃው ሁሉ መንገድ ላይ ያስቀራል። የእኛ ሰው ስንቅ መያዝ ከጥንት ያውቅበታል፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፤ ምንም ምግብ ማብሰያ አይፈልጉም፣ ቶሎም አይበላሹም። አንድ ሁለት ጠርሙስ ውኃ። የእጅ ባትሪ፣ ለስልክ ፓወር ባንክ፣ ፊሽካ። ፊሽካ ርካሽ ነገር ነው፤ ግን ጭስ ውስጥ የደከመ ሰው መጮኽ ሲያቅተው ፊሽካ ይነፋል። ለሕፃን ዳይፐርና ወተት፤ ለሴቶች ሞዴስ። የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የአስም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ ለጥቂት ቀን የሚሆነውና የመድኃኒቱ ስም የተጻፈበት ወረቀት። ኢንሱሊን ቦርሳ ውስጥ አይከርምም፤ ሙቀት ያበላሸዋል። ያለበትን ቦታ ሁሉም ይወቀውና ሲወጡ የሚያነሳው ሰው ይመደብ። አንድ ጋቢ። ጫማ ደግሞ በየአልጋው ሥር ይሁን፤ በተሰበረ መስታወትና በጋለ ቆርቆሮ ላይ በባዶ እግር ሩቅ አይኬድም። ቦርሳው በሩ አጠገብ ይቀመጥ። እንዲህም ሆኖ ቦርሳውን ለማንሳት ወደ ኋላ መመለስ የሚያስፈልግ ከሆነ ተዉት።

(አጭር ሙዚቃ)

ወጣችሁ። ወዴት? ሁለት ቦታ ምረጡ። አንደኛው ከመንደሩ ወጣ ብሎ ያለ፣ አስፋልት ላይ የሚገኝ የታወቀ ምልክት። ሁለተኛው፣ ሰፈሩ በሙሉ ቢዘጋ የምትገናኙበት ራቅ ያለ ቦታ። ለአንዳንዱ ቤተሰብ የታላቁ አንዋር መስጊድ አካባቢ ይሆናል፣ ለአንዳንዱ የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ፤ ከቤታችሁ አቅጣጫ ተነስታችሁ ወስኑ። አውቶቡስ ተራን እኔ አልመርጥም፤ በደኅናውም ቀን ልጅ የሚጠፋበት ነው። የእሳት አደጋ መኪና የሚገባበትን መንገድም ለመገናኛ አትምረጡ።

እንዲህ ያለ ቀን ስልክ ይጨናነቃል። እዚህ ሰፈር ያለ ሰው ሁሉ እዚሁ ሰፈር ያለ ሰው ይደውላልና መስመር አይገኝም። ስለዚህ ከከተማ ውጭ አንድ ዘመድ ምረጡ፤ ለምሳሌ ቡታጅራ ያለች አክስት። የተነጣጠለው የቤተሰብ አባል ሁሉ «ደኅና ነኝ፣ እዚህ ነኝ» የሚለውን መልእክት ለእሷ ይላክ፤ እሷ ታገናኛችኋለች። አጭር የጽሑፍ መልእክት ጥሪ በማይሄድበት ጊዜም ሊያልፍ ይችላል። ልጆች የእሷን ቁጥር በቃላቸው ይያዙት። ሕፃናት ቁጥር በዜማ ሲነገራቸው ቶሎ ይይዛሉ፤ ሙሉ ስማቸውንና የአባታቸውን ስም፣ የሰፈራቸውንም መጠሪያ አብረው ይወቁ። «ማሚ» የሚል ልጅ የማን ልጅ እንደሆነ ፖሊስ ሊያውቅ አይችልም።

ወደ አዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን የሚደወለው በ939 ነው። አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991። ስትደውሉ በመርካቶ ቋንቋ ንገሯቸው፤ የቤት ቁጥር አይጠቅምም። ተራውን ጥሩ፣ ቅርብ ያለውን የታወቀ ሕንጻ ጥሩ፣ መኪና በየት በኩል መግባት እንደሚችል ተናገሩ፣ ምን እየነደደ እንደሆነ ንገሩ፤ ልብስ ነው፣ ሲሊንደር አለበት፣ ሰው ውስጥ ቀርቷል። ጠያቂው ሳይጨርስ ስልኩን አትዝጉ። ከዚያ አንድ ጎረምሳ አስፋልቱ ላይ ቆሞ መኪናውን ይጠብቅና መንገድ ይምራ። ሌላው ሰው ደግሞ ለመመልከት አይቁም። መንገዱ ላይ የቆመ አንድ ተመልካች አንድ የውኃ ቦቴ ሊያዘገይ ይችላል።

ወጥቶ መመለስን በተመለከተ ከሌላ ቦታ ያየነውን መራራ ነገር ልንገራችሁ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ መሬት ተንሸራቶ ቤቶችን ቀበረ። ጎረቤት የተቀበሩትን ለማውጣት ተሯሩጦ ደረሰ፤ እየቆፈረ ሳለ መሬቱ እንደገና ተናደ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ ከእነሱ ብዙዎቹ ለመርዳት የመጡ ነበሩ። የደጉ ሰው ሞት እንዲህ ነው የሚመጣው። እሳትም ሁለተኛ ጊዜ ይመጣል፦ ሲሊንደር ይፈነዳል፣ የተቃጠለ ቆጥ ይደረመሳል፣ የጠፋ የመሰለው ፍም ንፋስ ሲያገኝ ይነሳል። የወጣ ሰው ውጭ ይቆይ፤ ውስጥ የቀረ ሰው ካለ ለእሳት አደጋ ሠራተኛው የትኛው ክፍል እንደሆነ ይንገር። ሠራተኞቹ መተንፈሻ አላቸው፣ እናንተ የላችሁም።

የድሬዳዋም ነገር አይረሳም። በ1998 ዓ.ም ሐምሌ ሊያልቅ ሲል የደቻቱ ወንዝ በእኩለ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ብዙው ሰው ተኝቶ ነበር። መርካቶ ደቻቱ የለበትም፤ ሌሊቱ ግን አለበት።

ስለ መሬት መንቀጥቀጥም ጥያቄ እየደረሰን ነው። በ2017 ዓ.ም በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሳው መንቀጥቀጥ እዚህ አዲስ አበባም ፎቅ ላይ ያለውን ሰው ደጋግሞ አስደንግጧል፤ በአፋርና በኦሮሚያ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው እንዲወጡ ተደርገዋል። መንቀጥቀጥ ላይ የሚደረገው ከእሳት ይለያል፦ እየተንቀጠቀጠ ሳለ ደረጃ ላይ አትሩጡ። ከጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብታችሁ እግሩን ያዙ፣ ከመስታወትና ከተደረደረ ዕቃ ራቁ፤ ሲቆም ውጡ። ሱቅ ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ ከመደርደሪያው ራቁ፤ እስከ ጣሪያ የተከመረ ሳጥን በሰው ላይ ይወርዳል።

የተቃጠለ ሰው ካለ ቁስሉ ላይ ለ20 ደቂቃ ያህል ቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ አፍስሱ። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ሊጥ አትቀቡ፤ ሙቀቱን ውስጥ ያቆያሉ፣ ቁስሉንም ያመረቅዛሉ። ቀለበትና አምባር ቶሎ አውልቁ፤ ሰውነት ሲያብጥ አይወልቁም። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ሕክምና ውሰዱት። የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ሕክምና ክፍል አለው። ልብሱ ላይ እሳት የያዘ ሰው አይሩጥ፤ መሬት ላይ ይውደቅና ይንከባለል፤ በጋቢ ጠቅልሉት። የዘይት ወይም የኤሌክትሪክ እሳት ላይ ደግሞ ውኃ አትድፉ።

(አጭር ሙዚቃ)

እስካሁን የተናገርነው ለአንድ ቤት ነው። ግን መርካቶ ውስጥ አንድ ቤት ብቻውን አይድንም፤ ጣሪያው የጋራ ነውና። በየሰፈሩ አስቀድሞ የተዘጋጀ አንድ ተቋም አለን፤ እሱም እድራችን ነው። እድር የአባሉን ቤተሰብ ዝርዝር በመዝገብ ይዟል። ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ድስት አለው፣ ጠሪ አለው። ለቅሶ ሲሆን በአንድ ሌሊት ሰፈሩን ያነቃንቃል። ይህ ሁሉ አቅም ሰው ከሞተ በኋላ ብቻ ለምን ይሠራል?

የእድር ዳኞችና ጸሐፊዎች በዚህ ወር ስብሰባችሁ ላይ ጥቂት ጊዜ ስጡት። መዝገቡ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሩ፦ በዚህ ቤት መራመድ የማይችል፣ ማየት ወይም መስማት የተሳነው፣ የወለደች አራስ አለች ወይ? ጥሩምባ ዛሬም የሚነፋ ባለበት ሰፈር ለለቅሶ ከሚነፋው የተለየ የአደጋ ምት ይወሰን፤ ልጆች እንዲለዩት ተደርጎ። ከእድሩ ገንዘብ የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደር ይገዛ፤ ሁለት ሦስት ወጣቶች አጠቃቀሙን ይማሩ። የግቢው በር ቁልፍ ማን ማን ጋ እንዳለ ይመዝገብ። የመተላለፊያው ዕቃ ይነሳ፤ የተሰበረ ካሬታ፣ የቆመ ጋሪ፣ የተደገፈ ቆርቆሮ። ከኮሚሽኑም ባለሙያ ጋብዙ።

ለቤተሰብ የምንጠይቀው ደግሞ ለዛሬ ማታ አንድ ነገር ነው። ራት ከበላችሁ በኋላ መብራቱን አጥፉት። «እሳት!» በሉ፤ ግን ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ ጎረቤት እንዳይደነግጥ። ሁሉም የተመደበለትን ሰው ይዞ፣ ቁልፉን ከሚስማሩ ዳብሶ አንስቶ ይውጣ። ምን እንደሚሆን ታያላችሁ። አንደኛው ጫማ ይፈልጋል፤ ቁልፉ ቦታው ላይ አይገኝም፤ በሩ አጠገብ ያለው የከሰል ማዳበሪያ ይጠልፋችኋል። ያኔ መብራቱን አብሩና ማዳበሪያውን አንሱት፣ ቁልፉን ስቀሉት፣ እንደገና ሞክሩት። ትንንሾቹ እንደ ጨዋታ ይወስዱታል፤ ይውሰዱት፣ ሳይፈሩ ይማራሉ። ለአያት ደግሞ ቀስ ብላችሁ።

ሌላ ልምምድ የምታደርጉበትንም ቀን አሁኑኑ ወስኑ። ልጅ ያድጋል፣ ሠራተኛ ይለወጣል፣ አያት ይደክማሉ፤ ምድቡም አብሮ መለወጥ አለበት።

የእሳት አደጋ ስልክ 939 ነው። አሁን ወረቀት አንሱና ጻፉት፤ በሩ ላይም ለጥፉት። ለአያቶቻችሁም፣ ለቤት ሠራተኛችሁም፣ ሱቅ ውስጥ ለሚያድረው ልጅም አስጠኑት። እናንት የእድር ዳኞች፣ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ የወሰናችሁትን ጽፋችሁ ላኩልን፤ በዚሁ ዝግጅት ለሌሎች ሰፈሮች እናሰማዋለን። ደኅና እደሩ።